ሩቅ የነደደ እሳት፤ ስለ አንድ የልጆች ተረት መጽሐፍ የቀረበ ሒስ

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1994 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር የታተመ አንድ የልጆች መጽሐፍ ነው። ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «እሳት በተራራው ላይ» ይኾናል። ጽሑፉን ያዘጋጁት ወይዘሮ ጄን ከርትዝ፣ ሥዕሉን የሣሉት ደግሞ ሚስተር ኢ. ቢ. ልዊስ ናቸው። ወይዘሮ ጄን ሚሲዮናውያን ከነበሩት ወላጆቻቸው ጋራ በሁለት ዓመታቸው ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በማጂ ያደጉ ሰው ናቸው፤ ለሚስተር ልዊስም በሥዕል ያስጌጡት የመጀመሪያ መጽሐፋቸው ይህ ነው። መጽሐፉ ቀጭን ስለኾነ ሰው በሩብ ሰዓት አንብቦ ይጨርሰዋል። የሚያነሣው ጥያቄ ግን በሩብ ሰዓት የሚያልቅ አይደለም።

የልጆች ተረት በከፍተኛ ትምህርት ቤት መጽሔት ላይ ሊመረመር ይገባዋልን? ብሎ የሚጠይቅ ጓደኛ እንደሚኖር እናውቃለን። መልሳችን አጭር ነው። ስለ ደግነት የመጀመሪያውን ትምህርት ያገኘነው ከሕግ መጽሐፍ ወይም ከፍልስፍና አይደለም፤ ማታ ማታ በምድጃ ዳር ከሰማነው ተረት ነው። እንግዲህ ተረቱ ከአፍ ወደ መጽሐፍ፣ ከመጽሐፍም ወደ ሥዕል ሲተላለፍ አንድ ነገር ቢጎድልበት፣ የጎደለው ከወረቀቱ ብቻ ሳይኾን ከልጁም ላይ ነው። ስለዚህ ምን እንደ ተጨመረና ምን እንደ ቀረ ማየት ተገቢ ይመስለናል።

ተረቱ በ1950 ዓ.ም. እንደ ታተመ

ይህን ተረት ከወይዘሮ ጄን በፊት ለፈረንጅ አንባቢ ያቀረቡት ሚስተር ሃሮልድ ኩርላንደርና ፕሮፌሰር ዎልፍ ሌስላው ናቸው። የኢትዮጵያን ተረቶች ሰብስበው በ1950 ዓ.ም. (በፈረንጆች) ሲያሳትሙ ለመጽሐፉ ርእስ ያደረጉት ይህንኑ ተረት ነበር፤ ሥዕሉንም የሠሩት ሮበርት ደብልዩ ኬን ናቸው። ኩርላንደር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በኤርትራ በጉራዕ በአንድ የአውሮፕላን ኩባንያ ውስጥ የሠሩ ናቸው። ሌስላው ደግሞ የኢትዮጵያን ሴማውያን ቋንቋዎች በማጥናት ዕድሜያቸውን ያሳለፉና በ2006 ዓ.ም. ያረፉ ሊቅ ናቸው።

በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ነገሩ እንዲህ ነው። አርሃ የሚባል ወጣት በልጅነቱ ከጉራጌ አገር ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ሀብቶም ሐሰይ ለሚባል ባለጸጋ ነጋዴ አሽከር ኾነ። ሀብቶም በገንዘብ የሚገዛውን ሁሉ ስለ ገዛ ሁሉም ነገር ሰልችቶት ነበር። በአንድ ብርዳማ ሌሊት አርሃን ጠርቶ ለምድጃው እንጨት እንዲያመጣ አዘዘው፤ እንጨቱ ከመጣ በኋላም ሰው ምን ያህል ብርድ ሊችል እንደሚችል ያወራ ጀመር። ወሬው ወደ ውርርድ ተለወጠ። አንድ ሰው ያለ ልብስ፣ ያለ ምግብና ያለ እሳት በሱሉልታ ተራራ ጫፍ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ቢያድር፣ ሀብቶም ቤትና የእርሻ መሬት፣ ከብትም ሊሰጠው ቃል ገባ።

አርሃ እሺ ካለ በኋላ ፍርሃት ስለ ያዘው ወደ አንድ የአገሩ ሰው ወደ ኾነ ሽማግሌ ሄደ። ሽማግሌው ከሸለቆው ማዶ ባለው ከፍ ያለ ዐለት ላይ እሳት እንደሚያነድለት ነገረው። አርሃም ዓይኑን ሳይጨፍን እሳቱን እየተመለከተ ሙቀቱን እንዲያስብ፣ እንዲሁም ባልንጀራው እዚያ ተቀምጦ ስለ እርሱ እሳቱን እየጠበቀ መኾኑን እንዲያስብ መከረው። አርሃ እንደ ተመከረው አድርጎ አነጋ። በማግሥቱ ሀብቶም እንዴት እንደ ቻለ ቢጠይቀው የእሳቱን ነገር ሳይደብቅ ነገረው። ሀብቶምም ያዳነህ እሳቱ ነውና ተረትተሃል ብሎ ከለከለው፤ ዳኞችም ለሀብቶም ፈረዱ።

ሽማግሌው ግን ተስፋ አልቆረጠም። በወጣትነቱ ወዳገለገለበት ወደ ኃይሉ ቤት ሄዶ አቤት አለ። ኃይሉ ግብዣ ደግሶ ሀብቶምንና ዳኞቹን ጠራ፤ የምግቡ ሽታ አካባቢውን ሞላው፤ ማዕዱ ግን አልቀረበም። እንግዶቹ በራብ ሲጨነቁ፣ ሩቅ እሳት ማየት ገላን የሚያሞቅ ከኾነ የምግብ ሽታም ሊያጠግብ እንደሚገባው አስረዳቸው። ሀብቶም ተረታ፤ አርሃም ቤቱን፣ መሬቱንና ከብቱን ተቀበለ።

በ1994 ዓ.ም. የተለወጠው

በወይዘሮ ጄን መጽሐፍ ውስጥ አርሃ ቀርቶ ዓለማየሁ የሚባል እረኛ ልጅ ገብቷል። እኅቱ በባለጸጋው ቤት ምግብ አብሳይ ናት። ልጁ ተራራው ላይ የሚያድረው ዕርቃኑን ሳይኾን አንድ ስስ ልብስ ደርቦ ነው። ሩቅ ተራራ ላይ እሳት ያያል፤ እርሱን እየተመለከተ ያነጋል፤ ጌታው ግን ውርርዱን ይክደዋል። በዚህ ጊዜ የሽታውን ግብዣ የምታዘጋጀው እኅቱ ናት፤ የቤቱ አገልጋዮችም ይተባበሯታል።

ልብሱ የተጨመረበት ምክንያት ግልጽ ይመስለናል። ዕርቃኑን የቆመ ሰው በአፍ ሲነገር አያስነውርም፤ በልጆች መጽሐፍ ላይ መሣል ግን ያስቸግራል። ይህ ለውጥ ተረቱን ብዙም አይጎዳውም። እኅቲቱ መግባቷም ጥቅም እንጂ ጉዳት የለውም። በቀድሞው መጽሐፍ ለአሽከሩ መብት የሚቆምለት ኃይሉ ነው። ኃይሉ ደግሞ የራሱ ቤትና የራሱ አገልጋዮች ያሉት፣ ዳኞችን ጠርቶ ማስመጣት የሚችል ሰው ነው። ስለዚህ ድኻው ፍትሕ የሚያገኘው በሌላ ጌታ ደግነት ነው። በአዲሱ መጽሐፍ ግን ፍትሑ የሚወጣው ከወጥ ቤት ነው። ድስቱን የሚያውቁት፣ ሽታው በየት በኩል እንደሚያልፍ የሚያውቁት አገልጋዮቹ ራሳቸው ናቸው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው በዚህ ገጽ ላይ በትክክል ይታያል። ወይዘሮ ጄንን በዚህ ልናመሰግናቸው ይገባል።

ሦስተኛው ለውጥ ግን ከነዚህ ይከብዳል። ሽማግሌው ጠፍቷል። እሳቱ አለ፤ ለዓለማየሁ ብሎ ያነደደው ሰው ግን የለም።

የእሳቱ ባለቤት

ሩቅ ብርሃን እያየ ብርድን የቻለ ሰው ታሪክ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። ቱርኮች ስለ ነስረዲን ሆጃ ይህንኑ የሚመስል ይተርካሉ፤ ሆጃው ሩቅ የሚታይ ሻማ ስላየ ውርርዱን ተረትተሃል ይሉታል፤ እርሱም ትልቅ ድስት በአንዲት ሻማ ላይ ጥዶ እራት እስኪበስል ጠብቁ ይላቸዋል። በህንድ አገርም ስለ ንጉሥ አክባር አማካሪ ስለ ቢርባል ይነገራል፤ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ቆሞ ያደረ ድኻ የሩቅ መብራት አይቷል ተብሎ ሽልማቱን ሲነፈግ፣ ቢርባል ምግቡን ከእሳቱ እጅግ አርቆ ሰቅሎ ሲያበስል ይገኛል።

በነዚህ በሁለቱ ተረቶች ውስጥ ብርሃኑ ድንገተኛ ነው። ሻማውን ያበራው ሰው ስለ ሆጃው አያውቅም፤ የመብራቱ ባለቤትም ስለ ድኻው አያውቅም። በ1950 ዓ.ም. በታተመው በእኛ ተረት ግን እሳቱ ኾን ተብሎ የተነደደ ነው። አንድ ሽማግሌ እንጨት ሰብስቦ፣ ዐለት ላይ ወጥቶ፣ እርሱም በዚያው ብርድ ውስጥ ተቀምጦ አድሯል። ለእኛ እንደሚመስለን ተረቱን የአገራችን የሚያደርገው የሱሉልታ ስም ወይም የወጡ ሽታ አይደለም፤ ይህ ሽማግሌ ነው። ስለዚህ የ1994ቱ መጽሐፍ በስሙና በሥዕሉ ኢትዮጵያዊ ቢኾንም፣ በዚህ ዋና ነጥብ ወደ ሆጃውና ወደ ቢርባል ተጠግቷል።

ድንገተኛው እሳትም የራሱ ትርጉም አለው የሚል ሊኖር ይችላል። ለራሱ ጉዳይ እሳት ያነደደ ሰው ሳያውቅ የሌላውን ነፍስ ሊያድን ይችላል፤ ይህም ቁም ነገር ነው። ነገር ግን ይህ ዕድል ይባላል እንጂ ደግነት አይባልም። ደግ ሰው ለማን እንዳደረገ ያውቃል፤ ምን እንደሚያስከፍለውም ያውቃል።

የኃይሉ ማስረጃ ምን ይክዳል?

እስቲ የግብዣውን ማስረጃ ቀስ ብለን እንመርምረው። ሽታ አያጠግብም፤ እንዲሁም ማየት አያሞቅም፤ ስለዚህ አርሃ ያለ እሳት አድሯል፤ ይላል። ለፍርድ አደባባይ ይህ በቂ ነው። ነገር ግን ክርክሩ እንዲያሸንፍ የግድ መካድ ያለበት አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የሽማግሌው ውለታ ነው። እሳቱ ምንም አልጠቀመም ካልን አርሃ መሬቱን ያገኛል። ጠቅሟል ካልን ደግሞ ሽማግሌው ምስጋና ያገኛል፤ አርሃ ግን ይረታል። ከሁሉ የሚያስደንቀው፣ አርሃን ያዳነው እሳቱ ነው ብሎ በግልጽ የሚናገረው ሰው ሀብቶም መኾኑ ነው። ክፉው ሰው ግማሹን እውነት ይዟል፤ ደጋጎቹ ለፍትሕ ሲሉ ይህን ግማሽ መሸፈን ያስፈልጋቸዋል።

ይህ ችግር መፍቻ የለውምን? አለው፤ መፍቻውም በሽማግሌው ምክር ውስጥ ይገኛል። ሽማግሌው አርሃን ሁለት ነገር እንዲያስብ ነው የመከረው፤ አንደኛው የእሳቱን ሙቀት፣ ሁለተኛው እሳቱን የሚጠብቀውን ባልንጀራ። የኃይሉ ግብዣ መልስ የሚሰጠው ለመጀመሪያው ነው፤ ሽታና ሙቀት ይመዛዘናሉ። ለሁለተኛው ግን በግብዣው ውስጥ አቻ የለውም። እንግዶቹ ወጡን አሸተቱ እንጂ ስለ እነርሱ ብሎ ያደረ ሰው አልነበራቸውም። ሀብቶም በውርርዱ ልብስ ከልክሏል፣ ምግብ ከልክሏል፣ እሳት ከልክሏል፤ ባልንጀራ ግን አልከለከለም። በገንዘብ የሚገዛ ነገር ስላልኾነ ትዝ አላለውም። አርሃ ውርርዱን ያሸነፈው በማታለል ሳይኾን ጌታው ሊቆጥረው ባልቻለው ሀብት ነው ማለት ነው።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን ደጋግመን የሰማነው የደጉ ሳምራዊ ታሪክ ነበር። ሳምራዊው ወደ ቆሰለው ሰው ቀረበ፣ ቁስሉን አሰረ፣ በከብቱ ላይ ጫነው። በዚያ ደግነት ማለት መቅረብ ነው። በእኛ ተረት ግን ሽማግሌው ሸለቆውን ተሻግሮ አንድ ጋቢ ቢያለብሰው ኖሮ አርሃ በተረታ ነበር። ስለዚህ ሽማግሌው ሊረዳ የሚችለው ርቆ በመቆየት ብቻ ነው። በአገራችን ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባላል። ምሳሌው ትክክል ነው፤ ተረቱ ግን ቅርበት የማይፈቀድበት ሌሊት ሲመጣ ምን ማድረግ እንደሚቻል ያሳየናል። በወይዘሮ ጄን መጽሐፍ ውስጥ ይህ ሁሉ ጥያቄ አይነሣም፤ ባለቤት የሌለው እሳት ውለታ የለውምና። ተረቱ ስለ ደግነት መኾኑ ቀርቶ ንፉግን በብልሃት ስለ መርታት ይኾናል። ይህም መልካም ተረት ነው፤ ግን ሌላ ተረት ነው።

ስለ ሥዕሉ

ሚስተር ልዊስ የሣሉት በውሃ ቀለም ነው። የውሃ ቀለም ለጭጋግ፣ ለጢስና ለንጋት ብርሃን የሚስማማ ስለኾነ ምርጫው ትክክል ነው። ብርድ መልክ የለውም፤ ሠዓሊ ብርድን የሚያሳየው በሰማዩ ቀለምና በሰውየው አቀማመጥ ነው።

ነገር ግን ማንኛውም ሠዓሊ በዚህ ተረት ላይ አንድ ፈተና ይገጥመዋል፤ ይኸውም የእሳቱ ርቀት ነው። ተረቱ በአፍ ሲነገር እሳቱን የሚያርቀውና የሚያቀርበው የሰሚው ልብ ነው። በሥዕል ሲኾን ግን ሠዓሊው መወሰን አለበት። እሳቱን ትልቅ አድርጎ ቢሥለው ልጁ ሳያውቀው ከጌታው ጋራ ይፈርዳል፤ እውነትም ሞቆታል ይላል። የመርፌ ቀዳዳ ያህል ቢያሳንሰው ደግሞ ልጁ ከእረኛው ጋራ ይቆማል። ስለዚህ በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ሥዕል ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ዳኞቹ ከመፈረዳቸው በፊት ሥዕሉ ፈርዷል። ሽማግሌው ቢኖር ኖሮ ግን ሠዓሊው ሁለተኛ ገጽ ባስፈለገው ነበር፤ ከማዶ የሚታየው እሳት በቅርብ ምን እንደሚመስል፣ ፍሙ፣ የእንጨቱ ክምር፣ የሽማግሌውም እጅ። አንድ እሳት ከሁለት ወገን ሲታይ ልጁ የርቀትን ትርጉም ያለ ቃል ይረዳ ነበር።

የእንጨቱ ነገር

በዕረፍት ጊዜ በአቦምሳ ሁለቱንም መጻሕፍት ለጎረቤት ልጆች በቃል እየተረጎምን አንብበንላቸው ነበር። አቦምሳ በአርሲ በመርቲ ወረዳ የሚገኝ ከተማ ሲኾን አየሩ ከአሰላ ይሞቃል፤ ልጆቹም እንደ ጭላሎ ያለውን ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን ተራራ ብርድ የሚያውቁት በወሬ ነው። የአዲሱ መጽሐፍ ሥዕል እጅግ አስደስቷቸዋል፤ በሽታው ግብዣም ከልብ ሥቀዋል። የቀድሞውን ተረት ስንጨርስ ግን አንዲት ትንሽ ልጅ፣ የእንጨቱን ዋጋ ለሽማግሌው ማን ከፈለው? ብላ ጠየቀችን።

ጥያቄዋ ከሒስ መጻሕፍት ያላገኘነውን አሳየን። እንጨት በጀርባ ተሸክሞ ገበያ የሚያወርድ ሰው በሚታይበት አገር፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚነድ እሳት ስንት ሸክም እንደሚፈጅ ልጅም ያውቃል። ተረቱንም መልሰን ስናየው በእንጨት ይጀምራል። አርሃ በመጀመሪያው ገጽ ላይ የሚታየው ለሀብቶም ምድጃ እንጨት ሲያመጣ ነው። ለሌላ ሰው ሙቀት እንጨት ሲሸከም የኖረ አሽከር አንድ ሌሊት ሌላ ሰው ለእርሱ ብሎ እንጨት ተሸከመለት። ሽማግሌውም በወጣትነቱ አገልጋይ ስለ ነበረ የእንጨትን ክብደት ያውቃል። የተረቱ ሁለት እሳቶች የሚለያዩት በዚህ ነው፤ የመጀመሪያው በትእዛዝ፣ ሁለተኛው በፈቃድ የነደደ ነው።

ልጅቱ እንዳለችውም ለሽማግሌው የተከፈለ ነገር የለም። ተረቱ ሲያልቅ አርሃ ባለ መሬት ይኾናል፤ ሽማግሌው ምን እንዳገኘ አይነገርም። በሰሜን ዋልታ አጠገብ የሚኖሩት ኢኑይቶች የሚተርኩትን፣ ሊዲያ ዳብኮቪች በ1997 ዓ.ም. በሥዕል ያወጡትን የድብ ግልገል ተረት ብናስተያይ ልዩነቱ ይታያል። በዚያ አንዲት ብቸኛ አሮጊት የነጭ ድብ ግልገል አሳድጋ፣ ሰዎች ሊገድሉት ባሰቡ ጊዜ ታሸሸዋለች፤ ድቡም በበረዶው ላይ እየተገናኛት ምግብ ያመጣላታል። ደግነቷ በሥጋና በዓሣ ተመለሰላት። የእኛው ሽማግሌ ግን ምንም ሳይቀበል ከተረቱ ይወጣል።

ይህ ጉድለት ነውን? አይመስለንም። በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ ዳበሬ የሚባል ልማድ አለ፤ ከብት ያለው ሰው ላም ለሌለው የምትታለብ ላም ይሰጠዋል፤ ልጆቹም ወተት ይጠጣሉ። ላሚቱ የባለቤቷ እንደ ኾነች ትቀራለች፤ ተቀባዩም ለወተቱ ብርድ ላይ እንዲያድር አይወራረዱትም። ሀብቶም ግን ከብት ለመስጠት የሰው ነፍስ በመያዣነት ጠየቀ። በሁለቱ አሰጣጦች መካከል ያለውን ልዩነት ለልጅ ለማስረዳት ከሽማግሌው የተሻለ መምህር አናገኝም፤ እርሱ ሲሰጥ ዋጋውን አልጠራምና።

ማጠቃለያ

በአጠቃላይ «እሳት በተራራው ላይ» በጥሩ ሥዕል የተሠራ፣ ለአገልጋዮች ብልሃት ተገቢውን ስፍራ የሰጠ መጽሐፍ ነው። ጥቂት ገጽ ላለው የልጆች መጽሐፍ ሰዎቹን ማሳነስ ግድ መኾኑንም እንረዳለን። ነገር ግን ሽማግሌውን ለማቆየት ብዙ ገጽ አያስፈልግም ነበር፤ እሳቱ ለልጁ ተብሎ መነደዱን የሚገልጽ አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃ ነበር።

ለእኛ ለተማሪዎች ግን ከዚህ የሚከተል ሥራ አለ። ወይዘሮ ጄን ከአቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ጋራ በመኾን በኢትዮጵያ የልጆች ቤተ መጻሕፍት እንዲስፋፋ ረድተዋል፤ አቶ ዮሐንስም በ2002 ዓ.ም. (በፈረንጆች) «ሲሊ ማሞ» የተባለውን ተረት በእንግሊዝኛና በአማርኛ ጎን ለጎን አሳትመዋል። መንገዱ ተከፍቷል ማለት ነው። እኛም ይህን የእሳት ተረት በአማርኛና በኦሮምኛ ለልጆች ብናዘጋጅ፣ ከቀድሞው መጽሐፍ ሽማግሌውንና እንጨቱን፣ ከአዲሱ ደግሞ እኅቲቱንና የወጥ ቤቱን ሰዎች ብንወስድ፣ ሁለቱ አብረው የሚቃረኑ አይደሉም። እኅቲቱ በቤት ውስጥ ትከራከራለች፤ ሽማግሌውም በማዶ እሳቱን ይጠብቃል።

ተረት ነጋሪ ሲጨርስ ተረቴን መልሱ አፌን በዳቦ አብሱ ይላል፤ ዳቦውን አምጥቶ የሚሰጠው ግን የለም። ተረት ነጋሪውም እንደ ሽማግሌው ሳይከፈለው የሚሠራ ሰው ነው፤ ቢያንስ ተረቱን ሳናጎድል ልንመልስለት ይገባል። በየክፍለ ሀገሩ ያደጉ ጓደኞቻችን ይህን ተረት በቤታቸው በሌላ አኳኋን ሰምተውት እንደ ኾነ፣ በተለይም እሳቱን ማን እንዳነደደው በሚለው ነጥብ ላይ፣ በሚቀጥለው እትም ጽፈው ቢያስታውቁን በደስታ እንቀበላለን።